ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፦ ወደ ቁፋሮ ለሚሄድ የእኅቴ ልጅ

ልጄ፣ እናትህ ትናንት ማታ ደውላልኝ ነበር። «ሥራውን ጥሎ መልካ ቁንጡሬ አፈር ሊዝቅ ነው፤ አንተን ይሰማሃልና እባክህ ምከርልኝ» አለችኝ። ምከርልኝ ስትል ሂድ እንዳልልህ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ግን ሂድ ነው የምልህ። ሂድ፣ ብቻ የምትሄድበትን አውቀህ ሂድ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው ሳይቀድመኝ ልቅደም ብዬ ነው።

«አፈር መዛቅ» የሚለውን በመጀመሪያ ከጆሮህ አውጣ። አንተ ያደግኸው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ያረጀ ሰው ከተከመረ ውዳቂ ብረት መሐል አንዷን ቁራጭ አንሥቶ «ይህች የድሮ ፊያት መኪና ማጠፊያ ናት፤ ሁለት ጊዜ ተበይዳለች፤ ሁለተኛው በያጅ ግራኝ ነበር» ይልሃል። ባለቤቱ የረሳውን እርሱ ያነብበዋል። መሬት ላይ ተንበርክከው በብሩሽ የሚጠርጉት ምሁራንም ሥራቸው ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ባዶ እጅህን አትሄድም። የተጣለ ነገር ላይ ዓይን ማሳረፍን ከኛ ሠፈር ይዘህ ነው የምትሄደው።

መልካ ቁንጡሬን ከቡታጅራ አውቶቡስ መስኮት ስንት ጊዜ አይተኸዋል? ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዋሽን የምንሻገርበት። የኛ ሰዎች በዚያ መንገድ በርበሬና ቆጮ ጭነው ሲመላለሱ፣ ዠራር ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1963 ወንዙ ዳር የድንጋይ መሣሪያዎቹን አየና ተናገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ያዘ፤ ኋላ ጣሊያኖች ተረከቡት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኒው ዴልሂ በተደረገው ስብሰባ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ባልጪት ጥቁሩ መስታወት መሳይ ድንጋይ የሚወጣበት ነው። ከዛሬ 1.7 ሚሊዮን ዓመት ጀምሮ ሰው ከዚያ ድንጋይ ምላጭ ሲያወጣ ኖሯል። ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የ700 ሺህ ዓመት የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ከዱካዎቹ መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካ አለ። ይህን ለእናትህ ንገራት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? እርሷም ያጣጣለችው ስላላወቀችው ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። በእንዲህ ያለ ሥራ የሚገባ ሰው በሁለት መልክ ሊወጣ ይችላል። አንደኛው አካፋ ሆኖ ገብቶ አካፋ ሆኖ ይወጣል። የቀኑን ይቀበላል፣ ወገቡን ያሻል፣ ክረምት ሲገባ ያየውን ሁሉ ይረሳል። ሌላው ተጠይቆ ይገባል። «ይህ ጉድጓድ ለምን የተቆፈረ ይመስልሃል? አያቶችህ ይህን ድንጋይ ምን ይሉታል? ይህ ወንዝ ድሮ በየት ይፈስ ነበር?» ሲባል መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ይመዘናል፣ ይጻፋል። ያን ዓይነት ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ አረማመዱ ሌላ ነው። አንተን የምመክርህ ሁለተኛውን እንድትሆን ነው፤ የቀረው ምክሬ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አገራችን በእጁ የሚያድረውን ሰው ምን እያለች ስትጠራው እንደኖረች ታውቃለህ። ቆዳ አልፍቶ የሚያለብሳትን ፋቂ ብላ፣ ማረሻዋን የሚስልላትን ቡዳ ብላ። የሸክላ ሠሪዋን ጀበና እንወዳለን፣ ቤቷ ግን ቡና አንጠጣም። ይህች መርካቶ ራሷ በእነዚህ ሰዎች እጅ ቆማ ሳለ ስሙን የወሰድነው እኛ ነጋዴዎች ነን። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው እንላለን፤ ሠሪው ጋ የደረሰው ግን እሾሁ ነው።

እንግዲህ ካትሪን ዊድማን አርተር የምትባል አሜሪካዊት ወደ ጋሞና ወደ ኮንሶ ስትመጣ ማንን ፈልጋ እንደመጣች ታውቃለህ? ፋቂዎቹን። በዓለም ላይ ቆዳን በድንጋይ ምላጭ የሚፍቅ ሰው ሊያልቅ ሲል፣ እነዚህ የኛዎቹ ሙያውን ይዘው ተገኙ። ድንጋዩን ከየት እንደሚያመጡ፣ እንዴት እንደሚፈልጡት፣ ሲደነዝዝ እንዴት እንደሚስሉት፣ ሲያልቅ የት እንደሚጥሉት ዓመታት ተቀምጣ ጠየቀች፤ መሬት ውስጥ ያለውን የጥንቱን ምላጭ ለማንበብ ሌላ ፊደል አልነበራትምና። በኮንሶ ደግሞ ይህ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ድንጋይ የሚፈልጥ ወንድ ብቻ ነው ብሎ ሲያስብ ለኖረው ሊቅ ሁሉ፣ በሠፈሯ ዝቅ ተደርጋ የምትታይ የኮንሶ ሴት በእጇ እየፈለጠች መልስ ሰጠችው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። እኔ ይህን የሰማሁት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ደንበኛዬ ነው፤ መጀመሪያ አላመንኩትም፣ ኋላ ግን ደስ ብሎኝ ቡናውን እኔ ከፈልኩ።

የአሪው ነገር ደግሞ ይብሳል። አሪ ውስጥ ቀጥቃጭና ገበሬ አይጋቡም። አንዳንድ ሊቃውንትም ቀጥቃጮቹ ዘራቸው ሌላ ነው የሚል ግምት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ሁለቱ ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አሳየ። ደማቸውን ያራራቀው መገለሉ ነው እንጂ መነሻቸው አይደለም። ምናለሽ ተራ መዶሻ ይዞ የሚውለው ጎረቤታችን ይህን ሲሰማ «ታዲያ እስከ ዛሬ ማን ይጠይቀን ነበር?» አለ። እውነቱን ነው። ንቀት በአንድ ወረቀት እንደማይሻር እኔም አውቃለሁ፤ ደም ምርመራው ሠርግ ላይ አይነበብም። ነገር ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሸሹት ኖሮ አንድ ቀን ባዕድ መጥቶ «አስተምረኝ» ሲለው፣ በውስጡ ቀና የሚል ነገር አለ። ልጁም ያን ያያል።

ከዚያው ከጋሞ ሌላም አለልህ፤ ሸማ ተራ ከምትገዛው ጥበብ ጋር የጋሞን ስም ታውቀዋለህና ልብ ብለህ ስማ። ሞታ ወደሚባለው ዋሻ ተመራማሪዎቹን የመሯቸው የአገሩ ሽማግሎች ናቸው። ዋሻውን ያወቁት ሰው በጦርነት ጊዜ ይሸሸግበት ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቆፈር ከ4,500 ዓመት በፊት በክብር የተቀበረ ሰው ተገኘ። ስሙንም በጋሞኛ ባይራ አሉት፣ በኩር ማለት ነው። ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም ሙሉ ዘረመሉ ሲነበብ የመጀመሪያው እርሱ ሆነ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት ይህ ነው፤ ዘረመሉን ያነበቡት የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሥራ ሁሉ የቆመው ዋሻውን ባሳዩት ሽማግሎች ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ እንዳላልፍ። ያ የባይራ ጥናት በወጣ በወራት ውስጥ ራሳቸው ጻፊዎቹ ሒሳባችን ላይ ስህተት አለ ብለው አረሙት። በኮምፒዩተር ሥራው ላይ አንድ እርምጃ ተዘሎ፣ ከባሕር ማዶ ወደ አፍሪካ የገባውን ደም ከመጠን በላይ አስፍተውት ነበር። ኬምብሪጅ ከሳተና ሳትኩ ካለ፣ አንተም በእጅህ አንዲት አጥንት ብትሰበር ወዲያውኑ ድምፅህን አሰማ። ስብርባሪ በኪስ አይደበቅም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል፤ የተደበቀ ግን ለዘላለም ይጠፋል፣ አንተንም ይዞህ ይጠፋል።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል። ይህን ተረት የአፋሩ አሊ በረይኖ ሳያውቀው ሠርቶበታል። የካቲት 2008 ዓ.ም. ሚሌ ወረዳ፣ ሚሮ ዶራ የሚባል ቦታ፣ ይህ አርብቶ አደር መሬት ላይ መንጋጋ አየና ለፕሮፌሰር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን ነገረ። መጥተው የፍየል በጠጥ የሸፈነውን መሬት እያበጠሩ ሲፈልጉ የራስ ቅሉ ቀሪ ክፍል ተገኘ። 3.8 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ፣ ፊቱ የሚታይ ራስ ቅል። ነሐሴ 2011 ለዓለም ሲነገር የአሊ ስም አብሮ ተነገረ። ያ ሰው ድንጋይ ነው ብሎ ቢያልፈው፣ ወይም አይቶ «እኔ ማን ሆኜ» ብሎ ዝም ቢል፣ ዛሬ የፍየል እግር ያደቅቀው ነበር።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳዎቹን ባለሥልጣናት ረሸነ። በማግስቱ፣ ኅዳር 15፣ ሃዳር ላይ ድንቅነሽ ተገኘች። እኔ ያኔ በሱቅ ረዳትነት የማድር ልጅ ነበርኩ፤ መርካቶ ሬዲዮ ከብቦ ሲንቀጠቀጥ፣ በአፋር በረሃ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የተኛች እናት ብድግ ማለቷን ማን ሰምቶ? ያገኛትን የጆሃንሰንን ስም ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚያ ጉዞ መንገድ የመሩት፣ ውሃው የት እንዳለ ያሳዩት አፋሮች ግን በትምህርት ቤት ስማቸው አይነሣም። እርሷንም ዓለም የሚያውቃት በፈረንጅ ዘፈን በወጣላት ስም ነው። ከዚያ ዘመን እስከ አሊ ዘመን ያለው ለውጥ ቀላል አይደለም፤ ግን በራሱ የመጣ እንዳይመስልህ። ኢትዮጵያውያኑ ምሁራን፣ እነ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው፣ እነ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ እነ ስለሺ ሰማው ራሳቸው ቡድን መምራት ሲጀምሩ ነው አገሬው በአገሩ ቋንቋ መጠየቅ የጀመረው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ።

ታዲያ የምትመልሰው መልስ ሁሉ ልክ ይሆናል አልልህም። ከድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ የሚባል ቦታ አለ። ገበሬዎቹ ሲያርሱ ከቻይና የመጣ ሳንቲምና ገል ያገኙ ነበር። የግንቡ ድንጋይ ትልቅ ስለሆነ ይህን የሠሩት ግዙፋን ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ከእንግሊዝ የመጣው ቲሞቲ ኢንሶል ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር ሲቆፍር በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የመቃብር ቦታ፣ ከማልዲቭ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ተገኘ። ሰኔ 2009 ዓ.ም. ሲገለጽ ከተማው የነጋዴ ከተማ እንደነበር ታወቀ። ግዙፍ ሰው ግን አልተገኘም። የአገሩ ሰዎች ወዲያው አላመኑም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር! አያትህ የነገረችህን በአንድ ክረምት አትጥለውም። የኔ ምክር እንዲህ ነው፦ የሰማኸውን ተረት ሳታፍር ለምሁራኑ ንገራቸው፣ እነርሱ የቆፈሩትን ደግሞ ሳትኮራ ስማ። ተረቱ የዘመኑን ቁጥር ቢስትም ቦታውን አልሳተም፤ «እዚህ ትልቅ ነገር ነበር» ያለው ተረቱ ነው። የሰሜኑም እንዲሁ ነው። ትግራይ ውስጥ፣ የሓ አጠገብ፣ ቤተ ሰማዕቲ የተባለችው የአክሱም ዘመን ከተማ በአገሬው ዘንድ ጉብታዋ የታላቅ ነገር ቦታ ናት ሲባል ነው የኖረው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ጆሮ ሰጡና ሲቆፍሩ በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ቤተ ክርስቲያንና የወርቅ ቀለበት ወጣ። በኋላ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ በዚያ አገር አካፋም ብዕርም ወደቀ። ይህን የምነግርህ ሥራው ምን ያህል በሰላም ላይ እንደተንጠለጠለ እንድታውቅ ነው።

ስለ ሥራው ጠባይ ትንሽ ልበልህ። መርካቶ በፍጥነት ነው የምትኖረው፤ አንተም እጅህ ፈጣን ነው። እዚያ ግን ፍጥነትህን ሱቅ ትተህ ሂድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በገመድ በታጠረች አንዲት ካሬ ውስጥ ተቀምጠህ በግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ እየጠረግህ፣ አፈሩን በወንፊት እየነፋህ፣ ቀኑን ሙሉ ምንም ላታገኝ ትችላለህ። ስታገኝም አታንሣ። የት ንብርብር ላይ፣ ወደየት ተኝታ፣ ከምን አጠገብ እንደነበረች ሳይመዘገብ የተነሣች ድንጋይ ምስክርነቷን አጥታለች። ዋጋዋ ያለው በቦታዋ ላይ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የቁፋሮ ወቅት የሳምንታት ነገር ነው። ስለዚህ ዕቁብህን እንዳታቋርጥ፤ የሱቁንም ድርሻ ለማንም አትሽጥ። ከመጀመርህ በፊት የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክምህ ጠይቅ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ የሚከፋው የመንደሩ ቅናት ነው። ከአንድ ቀዬ ጥቂቱ ተቀጥሮ ብዙው ሲቀር፣ ትናንት አብሮ ከብት የጠበቀ ዛሬ ሰላምታ ይነፍጋል። «በየሳምንቱ ተራ ይዙር፣ ሴቶቹም ይግቡ፣ መሬቱ የተቆፈረበት ገበሬም ካሳውን ያግኝ» ብለህ ለሽማግሎቹ አሳስብ። አዋሽ ዳር የሚያርስ ሰው በገዛ ማሳው ላይ በገመድ ታጥሮ ሲቆም፣ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለውን እንዳታደርሱበት።

«ቱሪስት ይመጣል፣ ሁላችሁም ትከብራላችሁ» ሲሉህ ግን ጆሮህን ግማሹን ብቻ ስጥ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን። ከመልካ ቁንጡሬ አልፈህ በቡታጅራው መንገድ ስትሄድ ጢያን ታገኛለህ። 36ቱ ትክል ድንጋዮች በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1972 ዓ.ም. ነው። አውቶቡሳችን እዚያ ቆሞ ያውቃል? እኛስ ወርደን ልጆቻችንን አሳይተናል? ስም መዝገብ ላይ ስለገባ ብቻ ሆድ አይሞላም። ሐርላ ላይ የተሻለ ሐሳብ ተይዟል፤ ከተገኘው የተወሰነው እዚያው ይታይ፣ ቤቱንም አገሬው ያስተዳድረው ተብሎ ማዕከል ተዘጋጀ። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥም የማካ ሕዝብ ኦዜት የሚባለው መንደሩ በማዕበል ሲጋለጥ ቆፋሪዎቹን የጠራቸው ራሱ ነው፤ ዕቃው ከኛ ዘንድ አይወጣም ብሎ ተስማማ፣ የወጣውን ዕቃ ምን እንደሆነ የተናገሩትም አዛውንቶቹ ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የራሱን ሙዚየም ከፈተ። እንዲህ ያለውን ስትሰማ «እኛስ?» በል። መልካ ቁንጡሬ ላይ በጎጆ መልክ የተሠራ ሙዚየም አለ፤ የመንደሩ ልጅ በነጻነት ገብቶ የሚያስረዳበት እንዲሆን አንተ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሁን።

አሁን ደግሞ ቆጣ ብዬ የምነግርህን ስማ። የባልጪት ድንጋይ ታብረቀርቃለች፤ በኪስ ትገባለች። ወደ መርካቶ ስትመለስ አንዱ የአንቲካ ደላላ «አንዲት ብቻ አምጣልኝ» ማለቱ አይቀርም። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም፤ አንዷ ሁለት ትሆናለች። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ በቁፋሮም በአጋጣሚም የተገኘ ቅርስ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ እንዲነገር ያዝዛል፤ አግኝቶ ላስረከበም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይላል። ሕጉን ፈርተህ ብቻ ግን እንዳይሆን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት እኔ ከተረት አልቆጥረውም፤ አገር ያጠፋ አባባል ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚለው ይሻለኛል፤ የሞኝ ደጃፍ አንሁን። በዚያ ላይ አንተ የሸጥካት ድንጋይ ደላላው ቤት ስትደርስ ከየት እንደመጣች የሚናገርላት የለም፤ አምስት መቶ ብር ተቀብለህ የሚሊዮን ዓመት አፍ ዘጋህ ማለት ነው።

ስለ ምሁራኑም አንድ ነገር። ከፍትፍቱ ፊቱ። ጥሩ ክፍያ ከፍለው በስምህ የማይጠሩህ አሉ፤ እጃቸው አጠር ብሎ ምሳ አብረውህ የሚበሉም አሉ። ከሁለተኞቹ ጋር ሥራ። ሥራው ሲያልቅ ዕቃ ጭነው ከመሄዳቸው በፊት ያገኙትን ለመንደሩ ሰው በኦሮምኛና በአማርኛ እንዲያስረዱ ጠይቃቸው፤ ስማችሁም በጽሑፋቸው እንዲገባ። ብዙዎቹ ቢጠየቁ እሺ ይላሉ። ብቻ ጠይቅ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል፤ ዕውቀቱ እንዲህ ተንሳፍፎ እንዳይሄድ የሚያቆመው የአገሬው ጥያቄ ነው። ድንቅነሽ እንኳ በ1999 ዓ.ም. ለዕይታ ወደ አሜሪካ ስትሄድ ብዙ ሰው ተቃውሞ ነበር፤ ተመልሳ አምስት ኪሎ ሙዚየም የገባችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ ድምፁን ያሰማው አዋቂው ነበር። የመርካቶ ሰው ግን እኔን ጨምሮ ወሬውን ሰምቶ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

መንደርተኛው ላይም አትኮፈስ። ሁለት የፈረንጅ ቃልና የኪስ ብሩሽ ይዞ መጥቶ ለሽማግሎች ስለ ገዛ መሬታቸው የሚያስተምር ወጣት አይቻለሁ፤ ለቀባሪው ማርዳት ይሉሃል ይሄ ነው። መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ።

የመጨረሻ የምለምንህ ለመርካቶ ነው። ይህ ገበያ መቼ ወደዚህ እንደመጣ ታውቃለህ? ጣሊያን የአራዳን ገበያ ነቅሎ አዲስ ከተማ ባሰፈረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ማን የት ተቀመጠ፣ የትኛው ተራ መጀመሪያ ምን ይሸጥበት ነበር፣ የመጀመሪያው ዕቁብ በማን ሱቅ ተጣለ የሚለው በጽሑፍ ብዙም የለም፤ ያለው በሰው አፍ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ሲቃጠል ጥጡና ሸማው ብቻ አልነበረም የነደደው፤ ዕድሜ ልካቸውን አንድ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ተበታተኑ፤ ጥጉን የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ዛሬ ደግሞ የቀረው ሱቅም እየፈረሰ ፎቅ እየሆነ ነው፤ ይሁን፣ ከተማ ያድጋል። ግን ከመልካ ቁንጡሬ የምታመጣውን መጠየቅ እዚህም ተጠቀምበት። ከሸማ ተራና ከምናለሽ ተራ ጀምር። ሰማንያ ያለፋቸው አባቶችና እናቶች ዛሬም በየደጃፉ አሉ፤ ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ሥራ ፈት ናቸው፣ ደስ ይላቸዋል። ደብተር ያዝ፣ በሕይወት ሳሉ ጠይቃቸው፣ መልሳቸውን ከነስማቸው ጻፍ።